የሐሙስ ዳዊት፦ መከራው ላላለፈለት ሰው

ዳዊት የሚደግም ሰው በዘመናችን ከሁለት ወገን ይወቀሳል። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው «ሳያስተውል ያነበንባል» ይለዋል፤ ወንጌላዊ ወንድሙ ደግሞ «የሌላ ሰው ጸሎት ይደግማል እንጂ ከልቡ አይጸልይም» ብሎ ያዝንለታል። የሁለቱም ወቀሳ ምንጩ አንድ ነው፤ ጸሎት ከጸሎተኛው ስሜት መፍለቅ አለበት የሚል እምነት። ሲደሰት ያመስግን፣ ሲከፋው ያልቅስ፣ ልቡ ዝም ሲል እሱም ዝም ይበል እንደ ማለት ነው። ይህ በደኅና ቀን ችግር የለውም። በመከራ ቀን ግን ሰውን ቀድሞ የሚከዳው ስሜቱ ነው። ልጇን የቀበረች እናት፣ ከሥራ ተባሮ የቤት ኪራይ የተጠራቀመበት አባወራ፣ የምርመራ ውጤቱን ሰምቶ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሉት «መጸለይ አቃተኝ» ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ከልብህ ጸልይ» ማለት እግሩ የተሰበረውን «ሮጠህ ወጌሻ ቤት ሂድ» እንደ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለዳዊት ደጋሚው እሟገታለሁ፤ ልማዱ ብዙ ጊዜ የሚመሰገንበትን ምክንያት ግን አልጋራም። ስለ ዳዊት ሲጻፍ የሚነሣው ቅርስነቱ ነው። ብራናው፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኅደሩ፣ ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ የሚደግሰው ድግስ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው ዳዊት በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ መሆኑ ይተረካል። ለቤተ መዘክር መግለጫ ይህ ይበቃል። ዳዊት ግን በየጠዋቱ የሚነበብ መጽሐፍ ነው፤ ሊመዘን የሚገባውም በአንባቢው ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ ያለው ማንም እምብዛም ልብ በማይለው በአከፋፈሉ ውስጥ ነው።

ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ይህን አንባቢዬ ያውቀዋል። እኔ ማስታወስ የምፈልገው መዝሙሩን የሚመርጠው ቀኑ እንጂ የደጋሚው ሁኔታ አለመሆኑን ነው። ሠርግ የሚጠብቀውም ከቀብር የተመለሰውም ሐሙስ ጠዋት የሚገልጡት አንድ ገጽ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከስሜት ቀድማ የምትሄደው በዚህ ብቻ አይደለም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ የሚደረገው አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ነው። ዘንባባ የያዘው ምእመን ገና ላልሞተ ሰው፣ ምናልባትም ለራሱ፣ የሙታንን ጸሎት ቆሞ ይሰማል።

ወደ ሐሙስ ልሂድ። ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም የታወቀ መልክ አለው። ባለጉዳዩ ይጣራል፣ የደረሰበትን ይዘረዝራል፣ ይለምናል፣ ከዚያ ይዞራል። መከራው ሳይነሣለት ድምፁ ወደ ምስጋና ይለወጣል። 12ኛው መዝሙር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እስከ መቼ ብሎ አራት ጊዜ ይጠይቅና በዝማሬ ይዘጋል። ሰባክያን ይህን መዞሪያ ይወዱታል። አንዳንዴም መዝሙሩ የተጻፈው ለመዞሪያው ብቻ ይመስል፣ ከፊቱ ያለውን ለቅሶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተራምደውት ያልፋሉ።

የሐሙሱ 87ኛው መዝሙር ግን አይዞርም። (በዕብራይስጡ ቁጥር የሚሄዱ መጽሐፍ ቅዱሶች 88 ይሉታል።) ጸሎተኛው በዚህ መዝሙር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ጸሎቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ቀንና ሌሊት መጮኹን ይናገራል፤ መሃል ላይ በየቀኑ እጁን መዘርጋቱን፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ጸሎቱ በማለዳ መቅደሙን። በተለመደው መልክ ቢሆን እያንዳንዱ መመለስ ወደ መፍትሔ ባስጠጋው ነበር። እዚህ ግን በተመለሰ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። በመጀመሪያው ከሙታን ጋር ተቆጥሯል። በሁለተኛው ነገሩን ወደ ሙግት ይለውጠዋል፤ ለሙታን ተአምራት ምን ያደርግላቸዋል፣ ቸርነትስ በመቃብር ለማን ይነገራል እያለ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረድራል። በበላ ልበልሃ ሙግት ያደገ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል፤ ተሟጋቹ ዳኛውን የያዘው በራሱ በዳኛው ጥቅም ነው። እሱ ቢሞት የሚጎድለው ከአመስጋኞቹ መካከል መሆኑን ያስታውሰዋል። ከሳሽ ሆኖ የቀረበበትና ፍርድ የሚጠብቅበት አንድ መሆናቸው አያስፈራውም።

በሦስተኛው መመለስ የሚያወጣው ነገር ከሁሉ ይከብደኛል። መከራው የጀመረው ከልጅነቱ መሆኑን ይናገራል። ይህ ሰው ክፉ ወራት ገጥሞት የሚያልፍለትን ቀን እየቆጠረ አይደለም፤ የሚያውቀው ዕድሜ በሙሉ ክፉ ወራት ነው። በለቅሶ ቤትም በሕመምተኛ አልጋ አጠገብም የምንደጋግመው «ሁሉም ያልፋል» ለእሱ አይሠራም። የሚያልፍ ነገር አላየም። ሆኖም ሦስቴ ተመልሷል። መዝሙሩ የሚያበቃው ወዳጅና ዘመዱ ርቀውት ነው፤ እነሱን እንኳ ከዱኝ ብሎ አይከስም፤ አራቅህብኝ የሚለው እግዚአብሔርን ነው።

የመዝሙሩ ጥበብ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናጋሪው ፊቱን ከአምላኩ አላዞረም። ስለ እግዚአብሔር ለሌላ ሰው የሚያወራው አንድም ነገር የለም፤ ክሱም፣ ጥያቄውም፣ ዝርዝሩም የሚቀርበው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። እምነት የሚጠፋው ሰው በአምላኩ ላይ ሲያማርር ሳይሆን ስለ እሱ እንደ ሩቅ ሰው ማውራት ሲጀምር ይመስለኛል። መጽሐፈ ኢዮብም በዚሁ ይመሰክራል። ሦስቱ ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ትክክል የሚመስል ብዙ ነገር ይናገራሉ፤ ወደ እሱ ግን አንድም ጊዜ አይናገሩም። ኢዮብ ይጮኽበታል፣ ይሟገተዋል፤ በ42ኛው ምዕራፍ የተፈረደው ለኢዮብ ነው። በእኛ ዘንድ ኢዮብ የሚጠራው በትዕግሥቱ ነው። ዝም ብሎ የሚታገሠው ኢዮብ ግን ከሁለተኛው ምዕራፍ አያልፍም፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ያለውን ኢዮብ ለቅሶ ቤት የሚያነሣው አጽናኝ አላጋጠመኝም።

ከ87 ሦስት መዝሙር አልፎ 90 ይመጣል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ መኪና ውስጥ የሚለጠፈው፣ በስልክ ለወዳጅ የሚላከው የጥበቃ መዝሙር ነው። በመዝሙሩ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ግን ወንጌሉ ራሱ አሳይቷል፤ በማቴዎስ 4 ዲያብሎስ ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ የጠቀሰለት ከዚሁ መዝሙር ነው። በመስቀል ላይ ከጌታ አፍ የወጣው ደግሞ የሰኞው የ21ኛው መዝሙር ጩኸት ነው። ፈታኙ የተስፋውን መዝሙር፣ የተሰቀለው ጌታ የአቤቱታውን መምረጣቸው ስብከታችንን ሊያሳስበው በተገባ ነበር። ዳዊት ደጋሚው 90 ላይ የሚደርሰው 87ን አልፎ ነው፤ ኪዳኑን አወድሶ ወዲያው ኪዳኑ ፈረሰ ብሎ የሚሟገተውን 88ን፣ የሰውን ዕድሜ አጭርነት የሚያወሳውን የሙሴን ጸሎት 89ንም አልፎ። በዚህ መንገድ የመጣ አንባቢ የጥበቃውን ቃል እንደ ዋስትና ወረቀት አይዘውም።

ልማዱ ከዚህ ነቀፌታ ነጻ ነው አልልም። «ዳዊት እደግምብሃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ በአገራችን የታወቀ ነው፤ 108ኛውን መዝሙር ነጥሎ በጠላቱ ላይ የሚደግም አለ። 108ም የሐሙስ ነው። እርግማኑን ለብቻው የሚያወጣውና የጥበቃውን ተስፋ ለብቻው የሚያወጣው በአንድ ጥፋት ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ዳዊትን ለጉዳያቸው ማስፈጸሚያ አድርገውታል። ሌላው ነውር ፍጥነቱ ነው። በሬሳ አጠገብ ሌሊቱን ዳዊት እንዲደግም የተጠራ ሰው ገጹን ለመጨረስ ሲሽቀዳደም የሰማ ሁሉ «ያነበንባል» የሚሉትን ተቺዎች ጨርሶ ሊያወግዝ አይችልም። ግእዙን የማይሰማው ምእመን አማርኛውን ጎን ለጎን ይዞ ቢያነብ ማን ይከለክለዋል? እኔ የምከላከለው ቅደም ተከተሉን እንጂ ጥድፊያውን አይደለም።

አሜሪካዊው የብሉይ ኪዳን ምሁር ዋልተር ብሩጌማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት አንድ ጽሑፍ፣ ቤተ ክርስቲያን የአቤቱታን ጸሎት ስትተው የሚጎድልባትን ጽፈዋል። አቤት ማለት የተከለከለ ሕዝብ ከአምላኩ ጋር ያለው ግንኙነት ወደ ውዳሴ ብቻ ይወርዳል፤ የፍትሕ ጥያቄም አብሮ ይታፈናል የሚል ነው ክርክራቸው። የእሳቸው ወቀሳ የራሳቸውን አገር አብያተ ክርስቲያናት የሚመለከት ነው። እኛ ዘንድ አቤቱታውን ከመጥፋት ያዳነው የሐሙስ ተራ መሆኑን ቢያዩ ይገረሙ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ተራው በሌለበት ቤት ግን አቤቱታው እየጠፋ ነው። በብዙ የወንጌላውያን ጉባኤ የእሑዱ መርሐ ግብር የምስክርነት ጊዜ አለው። ሰው የሚመሰክረው ከተፈወሰ በኋላ፣ ቪዛው ከወጣ በኋላ፣ ልጅ ከታቀፈ በኋላ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ለዓመታት ልጅ የለመኑ ባልና ሚስት መድረክ ላይ ወጥተው «እስካሁን አልመለሰልንም፣ ዛሬም እንጸልያለን» ብለው ቢያቆሙ፣ መሪው ማይኩን ለመቀበል እንደሚፈጥን አልጠራጠርም። ለምን ይፈጥናል? የእነሱ ንግግር ከፊታቸው ከተሰማው ሁሉ የበለጠ እምነት የሚጠይቅ ነው እኮ። ይህ የምስክርነት ልማድ ከሚገባው በላይ ተመስግኗል። ለተፈወሰው ደስታን ይሰጣል፤ ላልተፈወሰው ግን «ጥፋቱ ያንተ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ አሸክሞ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። የእምነታቸውን መላላት በሹክሹክታ ከሚነግሩኝ ወጣቶች አብዛኞቹ ያደጉት ከዚህ መድረክ ሥር ነው።

ኦርቶዶክሳዊው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ አይበል። ከተአምራት መጻሕፍት የሚነበቡልን ታሪኮችም አብዛኞቹ በመዳን የሚያልቁ ናቸው፤ የሰማው ችግረኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያስበው ከወንጌላዊው ጎረቤቱ ብዙም አይለይም። ሚዛኑን የሚጠብቅለት ስንክሳር ነው። በየዕለቱ ስማቸው የሚጠራው ሰማዕታት ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፍ ነው። ስንክሳርም እንደ ዳዊት ቀን ተቆርጦለታል፤ ሰሚው ዛሬ መስማት የሚፈልገውን አይጠይቀውም።

ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ አንድ ክረምት በታሪካችን አለ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቀርቦላቸው እምቢ ብለው ነበር። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆይተዋል። ስለዚያ ዘመን በየጉባኤው የሚነገረው ግን በአብዛኛው የዕድገቱ ታሪክ ነው። በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት የነበሯት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በየቤቱ ተበትና ኖራ፣ ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆና መገኘቷ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ቁጥሩ እውነት ነው። ወደ ቁጥሩ ስንሮጥ ግን ያንን ክረምት እንደ 12ኛው መዝሙር መዞሪያ አድርገን እናነበዋለን። ለሁለቱ አባቶች መዞሪያ አልመጣላቸውም። የተገደሉ ሰዎች ምስክርነት ማይክ ይዞ የሚነገር አይደለም።

ከዚያ ዘመን የወንጌላውያን ቅርስ ሁሉ ለ87ኛው መዝሙር የሚቀርበው የተስፋዬ ጋቢሶ ዝማሬ ነው። ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል፤ የታወቁ ዝማሬዎቹ በእስር ቤት ያለፉ ናቸው። ሊላ ባሊስኪ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ዝማሬዎቹ ባሳተሙት ጥናት ርዕስ ላይ ባቢሎንን፣ መሃሉን ጊዜና ጽዮንን አንድ ላይ አስቀምጠዋል። ከሦስቱ የዛሬው መድረክ የረሳው መሃሉን ነው። ተስፋዬ የዘመረው መውጫው ሳይታወቅ፣ ነገ መፈታት ይሁን መሞት ሳይለይ ነው። ድምፁ አይጮኽም፤ ማስረጃ አያቀርብም፤ ይለምናል፣ ይጠብቃል። በትልቅ የድምፅ ማጉያና በደማቅ መብራት የሚቀርቡትን የዛሬ ዝማሬዎች ሁሉ ሰብስባችሁ በአንድ ወገን፣ የእሱን አንድ ካሴት በሌላ ወገን ብታስቀምጡልኝ ምርጫዬ አያስቸግረኝም። በዚህ አድልዎ አለብኝ፤ አልደብቀውም።

በዳዊት መድገም ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ከደስተኛው ሰው ወገን ይመጣል። ደስተኛ ሰው በሐሙስ ጠዋት ስለ ጉድጓድ የሚያነበው ለምንድን ነው? ግብዝነት አይሆንበትም? መልሱ ያለው በአንድምታው ነው። የእኛ መተርጉማን ብዙውን አቤቱታ የዳዊት የግል ጉዳይ አድርገው አይተውትም፤ በባቢሎን ስለ ተማረኩት፣ ስለ ሕዝቅያስ፣ ስለ መቃብያን የተነገረ ነው እያሉ ይፈቱታል። በዚህ አተረጓጎም ዳዊት ራሱ የሚያለቅሰው በሌላ ሰው ድምፅ፣ ገና ላልተወለደ ምርኮኛ ነው። ደጋሚውም እንደዚያው ነው። ዛሬ ደኅና ያደረው ሰው 87ን የሚያነበው መጸለይ ስላቃታት ጎረቤቱ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ በሳዑዲ ዐረቢያ የምትኖር እህት የምትገባበት ቤተ ክርስቲያን በአገሩ የለም፤ የሐሙሱን ዳዊት ከስልኳ ስትከፍት ግን እዚህ እናቷ የምታነበውን ያንኑ ገጽ ታነባለች። ስሜቱ እስኪመጣ ብትጠብቅ ኖሮ በዚያ ድካም ላይ አንድም ቀን ባልጸለየች።

ግብዝነት የሚሆነው ሌላው ነው፤ ልቡ በኀዘን ተሰብሮ ሳለ ደኅና ነኝ የሚል ፊት ይዞ መዘመር። ያንን ደግሞ በየእሑዱ ከሰዉ እንጠይቃለን።

የኪስ ጸሎት መጽሐፍ ለምታዘጋጁ አሳታሚዎች፦ 90ን ስታትሙ ከፊቱ ያሉትን ሦስቱን መዝሙራት አትዝለሉ፤ የምትቆጥቡት ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ዳዊት እንድትደግሙ ለተጠራችሁ ካህናትና ደብተራዎች፦ ጥድፊያውን ተዉት፤ ቤተሰቡ ከሌሊቱ ግማሹን እንኳ እየሰማ ቢያድር ይሻለዋል። የወንጌላውያን መርሐ ግብር መሪዎች ደግሞ በወር አንድ እሑድ መድረኩን ጉዳዩ ላልተቋጨለት ሰው ስጡ። ተናግሮ ሲጨርስ አሜን በሉና ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብር እለፉ፤ መደምደሚያ አትጨምሩለት።